አልፋ ብሎከር የጀመረ ሰው ግፊቱ ቆሞም ይለካ!



የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል። ግን ቤታችሁ ውስጥ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ግፊትም የፕሮስቴት ችግርም ያለባቸው አባት ካሉ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ምናልባት ከአንድ ክፉ አወዳደቅ ታተርፏቸዋላችሁ።

የማወራው አልፋ ብሎከር ስለሚባሉት መድኃኒቶች ነው። በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አያለሁ። አንዱ "ለግፊትም ለሽንትም ይሆናል አሉኝ፣ በአንድ ክኒን ተገላገልኩ" ብሎ ያለ ሐኪም የሚጀምር ነው። ሌላው ደግሞ በመጀመሪያው ሌሊት ለሽንት ሲነሳ አዙሮት ስለወደቀ "መርዝ ነው የሰጡኝ" ብሎ ክኒኑን ቆሻሻ ውስጥ የሚጥል ነው።

የኔ አቋም ከሁለቱም ይለያል። መድኃኒቱ ጥሩ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ለግፊት ያለው ቦታ ጠባብ ነው፣ አጀማመሩም የራሱ ሥርዓት አለው። ብዙውን ጊዜ ሰው የሚጎዳው ያንን ሥርዓት ማንም ቁጭ አድርጎ ስለማያስረዳው ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ቆሞ ግፊቱ ሳይለካና የመጀመሪያውን ሌሊት እንዴት እንደሚያድር ሳይነገረው፣ አልፋ ብሎከር ይዞ ወደ ቤቱ መሄድ የለበትም ባይ ነኝ። ለምን እንደዚህ እንደምል ላስረዳ።

መድኃኒቶቹ የትኞቹ ናቸው?

እስቲ የመድኃኒት ከረጢታችሁን አምጡና ስሞቹን አንብቡ። መጨረሻቸው "ዞሲን" የሚል ካለ አልፋ ብሎከር ነው። ለደም ግፊት የሚያገለግሉት ሦስቱ ፕራዞሲን፣ ቴራዞሲን እና ዶክሳዞሲን ናቸው። አልፉዞሲን እና ታምሱሎሲን ደግሞ የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ የሚታዘዙት ግን ለፕሮስቴት እንጂ ለግፊት አይደለም።

ከውጭ አገር በሻንጣ የመጣ መድኃኒት ከሆነ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የንግድ ስሙ ሊሆን ይችላል። ካርዱራ ማለት ዶክሳዞሲን ነው። ሚኒፕሬስ ፕራዞሲን ነው። ሃይትሪን ቴራዞሲን ነው። ፍሎማክስ ደግሞ ታምሱሎሲን ነው። ይሄን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። አንድ ሰው ከግፊት ሐኪሙ ዶክሳዞሲን፣ ከፕሮስቴት ሐኪሙ ታምሱሎሲን ተቀብሎ ሁለቱን አንድ ላይ ሊውጥ ይችላል። ስማቸው ስለሚለያይ ሥራቸውም የሚለያይ ይመስለዋል። ሁለቱም ሐኪሞች ስለሌላው ማዘዣ ካልሰሙ፣ መሐል ላይ የሚወድቀው ታካሚው ነው።

እንዴት ነው የሚሠሩት?

ሰውነታችን አድሬናሊን እና ኖርአድሬናሊን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል። እነዚህ በደም ሥሮቻችን ግድግዳ ላይ ያሉትን "አልፋ" የሚባሉ መቀበያዎች ሲነኩ የደም ሥሩ ይጨመደዳል። ግቢ ውሃ የምታጠጡበትን ጎማ በእጃችሁ ጨመቅ ስታደርጉት ውስጡ ያለው ግፊት እንደሚጨምረው ማለት ነው። አልፋ ብሎከር እነዚያን መቀበያዎች ይዘጋል፤ ደም ሥሩ ይላላል፤ ግፊቱ ይወርዳል።

የፕሮስቴት እጢና የሽንት ፊኛ አንገት ላይ ያለውም ጡንቻ በዚሁ መንገድ ስለሚላላ፣ ሽንት የሚያስቸግራቸው ወንዶች እፎይ ይላሉ።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ከተቀመጥንበት ወይም ከተኛንበት ብድግ ስንል ግማሽ ሊትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ደም ወደ እግራችንና ወደ ሆዳችን ይወርዳል። ጤነኛ ሰው ይሄ የማይታወቀው፣ ሰውነቱ በሰከንዶች ውስጥ የደም ሥሮቹን ጨምድዶ ደሙን ወደ ላይ ስለሚመልስ ነው። ያ መጨምደድ የሚካሄደው ደግሞ በእነዚያው በዘጋናቸው መቀበያዎች በኩል ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ብድግ ሲል ደሙ ታች ይቀራል፣ አንጎል ለጊዜው ደም ያጥረዋል፣ ዓይን ይጨልማል፣ ጉልበት ይከዳል።

ይሄ በተለይ የሚከሰተው በመጀመሪያዋ ክኒን ነው። እኛ "የመጀመሪያ ዶዝ ችግር" እንለዋለን። ፕራዞሲን የወሰደ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ዶክሳዞሲን የወሰደ ደግሞ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊሰማው ይችላል። ሰውነት ከቀናት በኋላ ይለምደዋል። ግን ያቺን የመጀመሪያ ሌሊት በሰላም ማለፍ ያስፈልጋል። በ70 ዓመት ዕድሜ ከአልጋ አጠገብ ወድቆ የዳሌ አጥንት መሰበር ቀላል ነገር አይደለም። ግፊቱን ልናክመው ብለን ሰውየውን አልጋ ላይ ካስቀረነው ምኑን አከምነው?

"ታዲያ ለምን ለኔ አልታዘዘልኝም?"

አንዳንዶቻችሁ "ጎረቤቴ ይሄን ወስዶ ግፊቱ ወረደለት፣ ለኔ ግን አምሎዲፒን ነው የሰጡኝ" ትላላችሁ። በቂ ምክንያት አለው።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረ "አልሃት" የሚባል ትልቅ ጥናት ነበር። ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ግፊት ያለባቸው ከ40,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል። ከተወዳደሩት መድኃኒቶች አንዱ ዶክሳዞሲን፣ ሌላው ክሎርታሊዶን የሚባለው የሚያሸና መድኃኒት ነበር። በ2000 የዶክሳዞሲኑ ክፍል ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። ምክንያቱም ዶክሳዞሲን በሚወስዱት ላይ የልብ ድካም (ልብ ደም በበቂ ሁኔታ መርጨት ሲያቅታት ማለት ነው) በሚያሸናው መድኃኒት ላይ ካሉት ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ስትሮክም በለጥ ያለ ነበር። በሞት መጠን ላይ ግን ልዩነት አልታየም።

ይሄ ምን ያስተምረናል? መለኪያው ላይ ቁጥር ማውረድ ብቻውን ግብ አይደለም። የምንፈልገው ልብን፣ አንጎልንና ኩላሊትን ማትረፍ ነው። በዚህ በኩል አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና መሰሎቹ፣ እንዲሁም የሚያሸኑት መድኃኒቶች የተሻለ ማስረጃ አላቸው። ስለዚህ ሕክምናው በእነሱ ይጀመራል። አልፋ ብሎከር ወንበሩ ከኋላ ነው።

ከኋላ ነው ማለት ግን አያስፈልግም ማለት አይደለም። የሚጠቅምባቸው ሁኔታዎች እነዚህ ናቸው፦

👉 ሦስት ዓይነት የግፊት መድኃኒት በበቂ መጠን፣ በትክክል እየተወሰደ ግፊቱ አልወርድ ሲል። በዚህ ላይም እንኳ እንግሊዝ አገር የተሠራው እና በ2015 የወጣው "ፓዝዌይ-2" የሚባል ጥናት በአራተኛነት ሲጨመር የተሻለው ስፓይሮኖላክቶን መሆኑን አሳይቷል። ዶክሳዞሲን ከባዶ ክኒን የተሻለ ግፊት አውርዷል፤ ስፓይሮኖላክቶንን ግን አልደረሰበትም። ስፓይሮኖላክቶን ፖታሲየም ከፍ ስለሚያደርግ፣ ለኩላሊት ሕመምተኛ ወይም ለማይስማማው ሰው ዶክሳዞሲን ጥሩ አማራጭ ይሆናል።

👉 ግፊትም የፕሮስቴት መተለቅም ያለበት ወንድ፣ ዋናውን የግፊት መድኃኒት እየወሰደ ተጨማሪ ሲያስፈልገው።

👉 ከኩላሊት በላይ ያለችው አድሬናል እጢ ላይ በሚወጣ፣ ብዙም በማያጋጥም ዕጢ ምክንያት ግፊት ሲነሳ። እዚህ ላይ አልፋ ብሎከር ከቤታ ብሎከር በፊት መጀመር አለበት፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ሊሰቀል ይችላል። ይሄ የሆስፒታል ሥራ ነው።

በሁለተኛው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። "የፕሮስቴት መድኃኒቴ ግፊቴንም ስለሚይዝልኝ ሌላውን ትቼዋለሁ" የሚሉ አባቶች አሉ። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። ሽንቱ በፕሮስቴት መድኃኒት፣ ግፊቱ ደግሞ ልብንና አንጎልን በሚጠብቀው መድኃኒት ለየብቻ ይታከማሉ። አንዱ ሌላውን ካገዘ ጥሩ፤ አንዱ የሌላውን ቦታ ግን አይተካም።

እንዴት ይጀመር?

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የሚለው ተረት ለዚህ መድኃኒት የተተረተ ነው የሚመስለኝ።

1ኛ. በትንሹ ይጀመራል። ፕራዞሲን፣ ቴራዞሲንና ዶክሳዞሲን ሲጀመሩ የተለመደው መጠን 1 ሚሊግራም ነው፤ ፕራዞሲን ከዚያም ባነሰ ሊጀመር ይችላል። ጎረቤታችሁ 4 ወይም 8 ሚሊግራም ዶክሳዞሲን ቢወስድ እዚያ የደረሰው ደረጃ በደረጃ ነው። እናንተ የሱን ክኒን ተውሳችሁ ብትጀምሩ እሱ በሳምንታት የወጣውን ደረጃ በአንድ ሌሊት መዝለላችሁ ነው።

2ኛ. የመጀመሪያው ክኒን ማታ፣ ልትተኙ ስትሉ ይወሰዳል። ወስዳችሁ ቴሌቪዥን ማየት፣ ዕቃ ማጠብ፣ በር ልዝጋ ብሎ መነሳት የለም። ጣጣችሁን ሁሉ ጨርሱ፣ ሽንት ቤት ሂዱ፣ አልጋ ላይ ሆናችሁ ዋጡና ተኙ። ፕራዞሲን በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የሚወሰድ ቢሆንም የመጀመሪያዋ ክኒን ግን የማታ ናት። ቀስ እያለ የሚለቀቀው የዶክሳዞሲን ዓይነት ግን ከዚህ ይለያል፤ እሱ ከፍ ባለ መጠን ይጀመራል፣ አብዛኛውን ጊዜም ከቁርስ ጋር ይወሰዳል። ይሄኛው አይፈጭም፣ አይሰበርም፣ አይታኘክም። ሰገራ ላይ የክኒን ቅርፊት ብታዩም አትደንግጡ፤ መድኃኒቱ ወጥቶ ባዶው ሼል ነው የቀረው።

3ኛ. ሌሊት ለሽንት ትነሳላችሁ። ይሄን ነው ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው። ማታ ተኝተህ ውሰድ ተብሎ የተነገረው ሰው ፕሮስቴት ስላለበት ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ መነሳቱ አይቀርም፤ ያውም መድኃኒቱ ኃይሉ በከበደበት ሰዓት። ስለዚህ መብራት አብሩ። መጀመሪያ አልጋው ላይ ቁጭ በሉ። እግራችሁን ወደ ታች አውርዳችሁ ሁለት ደቂቃ ቆዩ። ከዚያ የሆነ ነገር ይዛችሁ ተነሱ። ሽንት ቤቱ ከቤት ውጭ ከሆነ ለጥቂት ሌሊቶች ፖፖ አልጋ ሥር አስቀምጡ። ወንዶችም ብትሆኑ ተቀምጣችሁ ሽኑ፤ ምንም ነውር የለውም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ።

4ኛ. ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት መኪና አትንዱ፣ መሰላልና ስካፎልድ ላይ አትውጡ፣ ማሽን ላይ አትሥሩ። ይሄ መጠኑ በተጨመረ ቁጥርም ይሠራል። ሹፌር ወይም የግንባታ ሠራተኛ ከሆናችሁ ሥራችሁን ለሐኪሙ ቀድማችሁ ንገሩት።

5ኛ. መጠኑን የሚጨምረው ሐኪሙ ነው። ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት እየተጠበቀ ነው ከፍ የሚደረገው። "ዛሬ ግፊቴ 170 ሆነ፣ አንድ ልድገም" የሚባል ነገር የለም።

አቋርጦ መመለስ፦ ትልቁ ወጥመድ

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። አልፋ ብሎከርን ለተከታታይ ቀናት ያቋረጠ ሰው ሲመለስ እንደ አዲስ ጀማሪ ነው የሚቆጠረው። ሰውነቱ ረስቶታል። ዶክሳዞሲን 8 ሚሊግራም ላይ የነበረ ሰው ለአንድ ሁለት ሳምንት ትቶት በአንዴ ወደ 8 ቢመለስ፣ ከመጀመሪያዋ ሌሊት የባሰ ሊያጋጥመው ይችላል። እንደገና ከትንሹ መጠን፣ እንደገና ማታ፣ እንደገና ደረጃ በደረጃ ነው መሄድ ያለበት።

እኛ አገር መድኃኒት የሚቋረጥበት ምክንያት ብዙ ነው። ፋርማሲው ይጨርሳል። ብር ያጥራል። ለቅሶ ወይም ሠርግ ክፍለ አገር ተሄዶ መድኃኒቱ ቤት ይረሳል። ጸበል ሲገባ የሚተው አለ። በጾም ጊዜ ሰዓቱ ተዘበራርቆበት የሚተው አለ። እምነታችሁን አክብራችሁ ጾሙም ጸበሉም ይቀጥል፤ እኔ የምጠይቃችሁ መድኃኒቱን ሳትተዉ እንዴት እንደምትሄዱበት ቀድማችሁ ከሐኪማችሁ ጋር እንድትነጋገሩ ነው። ከተቋረጠባችሁ ደግሞ "የት ላይ ነበርኩ?" ብላችሁ ከዚያው አትቀጥሉ። ደውሉ ወይም ሂዱና "ይህን ያህል ቀን አቋርጫለሁ" በሉ። አንድ ቀን ብቻ ከረሳችሁ ግን የሚቀጥለውን በሰዓቱ ውሰዱ፤ የትናንቱን ለማካካስ ሁለት አትዋጡ።

ጾምን ካነሳን አይቀር፦ ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ብድግ ሲሉ የማዞሩ ነገር ይብሳል። ሌሊት ለኪዳን የሚነሱ፣ ቅዳሴ ላይ ለረጅም ሰዓት የሚቆሙ፣ ለሱሁር ከእንቅልፍ ነቅተው የሚነሱ ሰዎች ይሄን ያስቡበት። ቀስ ብላችሁ ተነሱ፣ በሚጠጣበት ሰዓት በቂ ውሃ ጠጡ፣ ራስ ሲከብዳችሁ ቁጭ በሉ። ተቅማጥና ትውከት ሲይዛችሁም ያው ነው፤ ፈጥናችሁ ሐኪም አማክሩ።

ከምን ጋር አይሄድም?

🔴 ቪያግራና መሰሎቹ። ሲልዴናፊልና ታዳላፊል ራሳቸው የደም ሥር ያላላሉ። ከአልፋ ብሎከር ጋር ሲደመሩ ግፊቱ ተንደርድሮ ሊወርድ ይችላል። ፍጹም ክልክል ነው አላልኩም። ሰውየው በአልፋ ብሎከሩ ላይ ከተረጋጋ በኋላ ሐኪሙ በትንሽ መጠን ሊጀምርለት ይችላል፤ ለሲልዴናፊል 25 ሚሊግራም ማለት ነው። ነገር ግን አፍሮ ደብቆ ከሱቅ ገዝቶ መዋጥ አደጋ ነው። አባቶች፣ ሐኪም ይሄን ሲጠይቃችሁ ሊያሳፍራችሁ አይደለም። ሚስቶችም ብታውቁት ጥሩ ነው።

🔴 ሌሎች የግፊት መድኃኒቶች። አብረው ይታዘዛሉ፤ ችግር የለም። ግን አልፋ ብሎከር ሲጨመር የሌላው መጠን ሊስተካከል ይችላል። ካርቬዲሎልና ላቤታሎል በውስጣቸው የአልፋ ብሎከር ባሕርይም ስላላቸው የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ አሳዩት።

🔴 አልኮል። ጠላም ሆነ ጠጅ፣ ቢራም ሆነ አረቄ የደም ሥር ያላላል፣ ሚዛንም ያሳጣል። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቅርባችሁ። በጣም ሞቃት ሻወርና ስቲም ባዝም እንደዚሁ ነው።

🔴 የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና። ይሄ ለብዙ ሰው አዲስ ነው። አልፋ ብሎከር፣ በተለይ ታምሱሎሲን፣ የዓይንን ብሌን የሚያሰፋውን ጡንቻ ያላላና በቀዶ ሕክምናው ወቅት ሐኪሙን ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። መድኃኒቱን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ማቆም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ከዚህ በፊት ወስዳችሁ የተዋችሁትም ቢሆን ይነገር። የዓይን ሐኪሙ ቀድሞ ካወቀ ተዘጋጅቶ ይሠራዋል።

🔴 ሴቶች። እህቶችና እናቶች፣ አልፋ ብሎከር ለግፊት ተሰጥቷችሁ ስትስሉ፣ ስትስቁ ወይም ዕቃ ስታነሱ ሽንት ካመለጣችሁ የዕድሜ ነገር ነው ብላችሁ ዝም አትበሉ። መድኃኒቱ ራሱ ሊያመጣው ይችላል። ሲቀየር ይስተካከላል።

ቆሞ መለካት እንዴት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ግፊት ሲለካ ሁላችንም የምናውቀው ቁጭ ብሎ ነው። ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። አልፋ ብሎከር ለሚወስድ ሰው ግን አይበቃም። ቁጭ ሲል 140/85 የሆነ ሰው ሲቆም 105/65 ሊሆን ይችላል። ካርዱ ላይ የሚጻፈው 140 ነው። "ገና አልወረደም" ተብሎ መጠኑ ይጨመርለታል። ቤቱ ሄዶ ይወድቃል።

ቤት መለኪያ ካላችሁ እንዲህ አድርጉ። ለ5 ደቂቃ ጋደም በሉና ለኩ። ከዚያ ሰው አጠገባችሁ ሆኖ ቀስ ብላችሁ ቁሙ። በ1ኛው ደቂቃ ለኩ፣ በ3ኛው ደቂቃ ደግማችሁ ለኩ። መለኪያው የታሰረበት ክንድ በልብ ትክክል ይሁን፤ ጠረጴዛ ወይም የሰው እጅ ይደግፈው። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው በ10 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ለሐኪማችሁ አሳውቁ። ባያዞራችሁም አሳውቁ። ቁጥሩን "ተኝቼ" እና "ቆሜ" ብላችሁ በደብተር ወይም በስልካችሁ ጻፉና ይዛችሁ ሂዱ።

ለሙያ አጋሮቼ

ከእናንተ መካከል ሐኪሞች፣ ነርሶችና ፋርማሲስቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። "ኮሪደሩ ላይ ስንት ሰው ተሰልፎ እያየህ ማን ነው አስተኝቶ፣ አስነስቶ፣ ሁለቴ የሚለካው?" ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው፤ ወረፋው ከባድ ነው። ግን ሁሉን ታካሚ አይደለም ያልኩት። አልፋ ብሎከር የሚጀመርለትን፣ መጠኑ የሚጨመርለትን፣ አቋርጦ የተመለሰውን ነው። ከቀኑ ታካሚዎች ስንቱ ነው እንዲህ ያለው? አምስት ደቂቃ የምናገኝለት ይመስለኛል። አንድ የዳሌ ስብራት ደግሞ ስንት የአልጋ ቀን፣ ስንት የቀዶ ሕክምና ሰዓት፣ ስንት የቤተሰብ እንባ እንደሚወስድ ታውቃላችሁ።

ማዘዣው ላይም "ማታ አንድ" ብሎ ማለፍ አይበቃም። "የመጀመሪያዋን አልጋ ላይ ሆነው፤ ሲነሱ ቀስ ብለው፤ ካቋረጡ ተመልሰው ይምጡ" የሚል አንድ መስመር በአማርኛ ወይም ታካሚው በሚያነበው ቋንቋ ቢጨመር ቀለም አያስጨርስም። የፋርማሲ ወንድሞችና እህቶች፣ ስታስረክቡ ይሄንኑ በቃል ብትደግሙላቸው ትልቅ ሥራ ነው። ያለ ማዘዣ "ለግፊት ጥሩ ነው" ብሎ መስጠት ግን ይቁም።

ሲያዞርስ ምን ይደረግ?

✅ ባላችሁበት ቁጭ ወይም ጋደም በሉ። መሬትም ቢሆን! እግራችሁን ትራስ ወይም ወንበር ላይ ከፍ አድርጉ።

✅ ሰው ራሱን ከሳተ ደግፋችሁ አታቁሙት። ክብሪት ማሽተት፣ ፊት ላይ ውሃ መርጨት፣ አፍ ውስጥ ውሃ መጨመር አያስፈልግም። አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ አየር ስጡት። አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይነቃል።

✅ ከወደቀና ጭንቅላቱን ከተመታ ወይም መቆም ካቃተው፣ ደረቱን ካመመው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ አንደበቱ ከተሳሰረ፣ ቶሎ ካልነቃ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

✅ እግር ማበጥ፣ ትንሽ ሲራመዱ ትንፋሽ ማጠር፣ ጋደም ሲሉ መታፈን ከመጣ ፈጥናችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የልብ ድካም ምልክት ሊሆን ይችላል።

✅ ብዙም አያጋጥምም እንጂ፣ ያለ ስሜት የወንድ ብልት ቆሞ ከ4 ሰዓት በላይ ከቆየ ድንገተኛ ሕክምና ያስፈልገዋል። አታፍሩ፣ አትጠብቁ።

ከዚህ ውጭ ያሉት ቀለል ያሉ ችግሮች፣ ማለትም አፍንጫ መታፈን፣ ድካም፣ ራስ ምታት፣ ልብ ትርትር ማለት፣ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይቀንሳሉ። ካልቀነሱ ሐኪማችሁ ይቀይርላችኋል። ሌላ መድኃኒት ሞልቷል።

አሁን ይሄን አንብባችሁ ነገ ጠዋት መድኃኒታችሁን እንዳታቆሙ! ለወራት ወስዳችሁት ተስማምቷችሁ ከሆነ በርቱበት፤ ቆማችሁ ብቻ ተለኩ። ያልተስማማችሁ ደግሞ ተመለሱና "ስነሳ ያዞረኛል" በሉ። በዚህ ገጽ ላይ በኮሜንት መጠን ማዘዝ አልችልም፣ አላደርገውምም። የናንተን ኩላሊት፣ ልብና ሌሎች መድኃኒቶች ያየ ሐኪም ነው መወሰን ያለበት።

ዛሬ ማታ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ወላጆቻችሁ ቤት ስትሄዱ ወይም ስትደውሉ "ግፊትህ ስንት ነው?" ብቻ ብላችሁ አታቁሙ። "አባዬ፣ ስትነሳ ያዞርሃል እንዴ?" በሏቸው። "እማዬ፣ ሌሊት ስትነሺ መብራት ታበሪያለሽ?" በሏቸው። "አዎ፣ ያዞረኛል፣ ግን የዕድሜ ነው" ካሏችሁ የመድኃኒት ከረጢታቸውን ይዛችሁ አብራችኋቸው ወደ ሐኪም ሂዱ።

ጽሑፉ ይጠቅመዋል ለምትሉት ሰው ሼር አድርጉለት። ጤናችሁ ይብዛ!